«የልብ ድካም» እና የደም ጠቋሚዎች፤ ስለ ጥቂት የሕክምና ቃላት አሰያየም

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም የከብት ገበያን ያሳስባል። ዛሬ በሰፈሩ ጎልተው የሚታዩት ግን የባንክ ሕንጻዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ይህ የስምና የነገር መለያየት ጉዳት የለውም፤ ስሙን ሰምቶ ሰንጋ ሊገዛ የሚሄድ የለምና። ከዚያው ሰፈር ብዙም በማይርቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ እንዲሁም በሌሎቹ የሕክምና ተቋማት የሚነገሩት ስሞች ግን እንዲህ በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። በሕክምና ስም ከነገሩ ሲለያይ የሚሳሳተው ሕመምተኛው ነው። ከዚህ ቀጥለን የምንመለከተው የልብ ጡንቻ በደም እጦት ከተጎዳ በኋላ በደም ውስጥ የሚፈለጉትን ንጥረ ነገሮችና የልብን አሠራር የሚገልጹትን ቃላት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት «የልብ ድካም» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ በአሁኑ አማርኛ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን ተሸክሞ ይገኛል። አንደኛው፥ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ቧንቧ በረጋ ደም በድንገት ሲዘጋ የጡንቻው ክፍል የሚሞትበት አደጋ ነው። ሁለተኛው፥ ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም የመርጨት አቅም ሲያንሰው የሚከተለው ሕመም ሲሆን፥ ትንፋሽ ማጠርና የእግር ማበጥ የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። ዜና አንባቢው «በልብ ድካም ሕይወታቸው አለፈ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚተረጉመው የፊተኛውን ነው፤ ሐኪሙ በምርመራ ክፍል «ልብዎ ደክሟል» ሲል ግን የኋለኛውን ማለቱ ነው። ሁለቱ በየፊናቸው ቢቀሩ ችግሩ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የኋለኛው ብዙ ጊዜ የፊተኛው ውጤት ሆኖ ይመጣል። ስለሆነም ይህንኑ ተከታታይነት በአማርኛ ለመግለጽ የተነሣ ተርጓሚ «ከልብ ድካም በኋላ የሚከሰት የልብ ድካም» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። አንባቢው ሕመሙ ተደገመ ይላል እንጂ አንዱ ሌላውን ወለደ ብሎ ሊረዳ አይችልም።

ልብ የሚለው ቃል ራሱ ሸክሙ የበዛ ነው። ልብ አለው ሲባል ማስተዋልን፥ ልበ ሙሉ ሲባል ድፍረትን ይገልጻል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ቃር ነው። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ለቋንቋ አጥኚ አስደሳች ቢሆንም ለሐኪም አስቸጋሪ ነው፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ከጨጓራ በላይ ባለው ቦታ ይሰማልና።

ለፊተኛው አደጋ በአሁኑ ጊዜ «የልብ ጥቃት» የሚል ስያሜ እየተለመደ መጥቷል። ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ ደስ አያሰኝም፤ በአማርኛ ጥቃት ካለ አጥቂ አለ። ቢሆንም ከሌላ ሕመም ስም ጋር አይጋጭም፤ እኛም ለስያሜ ከመሻከር ይልቅ መጋጨት የከፋ ጉድለት ነው እንላለን። «የልብ ምት» እንዳይባል ልብ በየደቂቃው የሚመታው ምት ስሙን ቀድሞ ወስዶታል። እንግዲህ ለሕዝብ በሚቀርብ ጽሑፍ «የልብ ጥቃት»፥ በሙያ ጽሑፍ «የልብ ጡንቻ መሞት» ቢባልና «የልብ ድካም» ለኋለኛው ሕመም ብቻ ቢጠበቅ ይሻላል። የልብ ፈጽሞ መቆም ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ስለሆነ «የልብ መቆም» መባሉ ይበቃዋል።

ይህን ልዩነት የቋንቋ ሰዎች ቢዘነጉት እንኳ ደም አይዘነጋውም። የልብ ጡንቻ ሲሞት ከሴሎቹ ወደ ደም ከሚፈሱት ፕሮቲኖች ዋነኛው ትሮፖኒን ነው። ፕሮቲኑን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ያገኘውና የሰየመው ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ ነው። ለጥቃቱ ምርመራ የሚያገለግሉት ቲ እና አይ የሚባሉት የልብ ትሮፖኒን ዐይነቶች ናቸው። በተለመደው ምርመራ ጥቃቱ ከደረሰ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደም መታየት ይጀምራሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማም ይቆያሉ። ቀድሞ በብዛት ይመረመር የነበረው ሲኬ-ኤምቢ የተባለው ኢንዛይም ግን ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ ብያኔ የልብ ጡንቻን መሞት በዋናነት በትሮፖኒን ላይ ካቆመው ወዲህ ይህ ቃል ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየሕሙማን መዝገብ የሚጻፍ ሆኗል። ትሮፖኒንን ለመተርጎም መድከም አያስፈልግም፤ እንደ ኢንሱሊን ሁሉ በባዕድ ስሙ ይቀመጥ።

የሚያከራክረው የወል ስሙ ነው። በደም ተለክቶ ስለ ሕመም የሚያስረዳ ንጥረ ነገር ምን ይባል? «ምልክት» እንዳይባል ምልክት ሕመምተኛው የሚሰማው ወይም ሐኪሙ በዐይኑ የሚያየው ነው። «አመልካች» እንዳይባል ቃሉን ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አቤቱታ ለሚያቀርብ ሰው ይዘውታል። «ጠቋሚ» የሚለውም ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ ማለት የሆነበት ዘመን ነበርና ቃሉ ለአንዳንዱ ጆሮ አሁንም ይሻክራል። እኛ ግን «የደም ጠቋሚ» የሚለውን እንመርጣለን። መጠቆም አቅጣጫ ማሳየት ነው፥ መፍረድ አይደለም። ትሮፖኒን በኩላሊት ሕመምም፥ በልብ ጡንቻ መቆጣትም ከፍ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ ብያኔም «ጉዳት» እና «መሞት» የሚሉትን ለይቶ አስቀምጧል፤ ትሮፖኒን ብቻውን ጉዳትን ይጠቁማል፥ ጡንቻው በደም እጦት መሞቱን ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ተርጓሚ «የልብ ጡንቻ ጉዳት» የሚለውን «የልብ ጥቃት» ብሎ ቢመልሰው ያልተባለውን አለ ማለት ነው።

ለልብ ድካም የሚያገለግለው ጠቋሚ ቢኤንፒ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ሲገኝ የተገኘው ከዐሣማ አንጎል ስለ ነበር የአንጎል ስም ተሰጠው። በኋላ ግን ዋና ምንጩ ልብ መሆኑ ታወቀ፤ የልብ ታችኛ ክፍሎች ግድግዳ በጫና ሲለጠጥ ያመነጨዋል፥ ኩላሊትም ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። በባዕዱ ቋንቋ ችግሩ በቀላሉ ተሸፈነ፤ የአንጎል የመጀመሪያ ፊደል የነበረው «ቢ» በኤ እና በሲ መካከል የሚውል የተራ ፊደል ተደርጎ ተቆጠረ። በአማርኛ ይህ መሸሸጊያ የለም። ሙሉ ስሙን ተከትሎ «የአንጎል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለልብ ሕመም የታዘዘውን ምርመራ የጭንቅላት ምርመራ አስመሰለው። ስለዚህ «ቢኤንፒ» ተብሎ ይጻፍ፤ ማብራሪያ ካስፈለገም «ልብ በጫና ሲለጠጥ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር» ይባል።

ከጥቃቱ በኋላ የልብ አሠራር በኢኮ ሲታይ በመቶኛ የሚገለጽ አንድ ልክ አለ። በግራው ታችኛ የልብ ክፍል ከተጠራቀመው ደም ውስጥ በአንድ ምት የሚረጨው ስንት እጅ ነው የሚለውን የሚመልስ ነው። 120 ሚሊ ሊትር ተጠራቅሞ 70 ቢረጭ፥ ልኩ 58 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህም የጤነኛ ልብ ነው። ጤነኛ ልብም ቢሆን ደሙን አሟጦ አይረጭም፤ የተለመደው ልክ ከ50 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው። 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን ቀንሷል ይባላል። ይህን ልክ «የልብ ብቃት» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው። «የልብ ብቃትዎ 55 በመቶ ነው» የተባለ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ነጥብ ከመቶ ይቈጥረዋል፤ ልቤ ግማሹ ሞቷል ብሎም ይደነግጣል። «የርጭት ድርሻ» ቢባል ግን የተለካው ከተጠራቀመው የወጣው እጅ መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስረዳል።

በመጨረሻ ስለ ውጤት አገላለጥ አንድ ነገር እናክል። የትሮፖኒን ውጤት «አዎንታዊ» ተብሎ ሲተረጎም እናያለን። በተለመደው አማርኛ አዎንታዊ መልካም ማለት ነው፤ እዚህ ግን ክፉ ወሬ ነው። «ፖዘቲቭ» ቢባልም አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የኤች አይ ቪ ምርመራን ነው። «ከወሰን በላይ» እና «ከወሰን በታች» የሚሉት አያሻሙም፤ ወሰኑ ከመመርመሪያ መሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይም ቁጥሩ ከነመለኪያው በጎኑ ሊጻፍ ይገባል።