የአገሮች የሞት ምጣኔ እንዴት ይነበባል?

በጃፓን በየዓመቱ ከ1 ሺህ ሰው 13 ያህሉ ይሞታል። በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 7፣ በኳታር ደግሞ 2 እንኳ አይሞላም። ይህን ብቻ ያየ ሰው ኳታርን የጤና ምድር፣ ጃፓንን የበሽተኞች አገር ቢላት አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬ የተወለደ ጃፓናዊ ሕፃን 84 ዓመት ገደማ፣ ኢትዮጵያዊው ደግሞ 67 ገደማ ይኖራል ተብሎ ይጠበቃል። ታዲያ ዕድሜ የጠገቡት አገር ሞት እንዴት በዛ?

በዓመት የሞቱትን ለጠቅላላው ሕዝብ አካፍለን በ1 ሺህ ስናባዛ የምናገኘው ጥሬ የሞት ምጣኔ ነው። ይህ ቁጥር ሕፃኑንም ሽማግሌውንም በአንድ ላይ ደባልቆ ይቆጥራል። ከጃፓን ሕዝብ 29 በመቶ ያህሉ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ።

በሒሳብ እንየው። እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ነዋሪ ያላቸው ሁለት ከተሞች አሉ እንበል። በመጀመሪያው 3 ሺህ አረጋውያን አሉ፤ በዓመት ከ100 አረጋውያን 4፣ ከሌላው ነዋሪ ከ1 ሺህ 2 ሰው ይሞታል። ድምሩ 134 ነው። በሁለተኛው አረጋውያኑ 300 ብቻ ናቸው፤ የመሞት ዕድሉ ግን ለወጣቱም ለአረጋዊውም እጥፍ ነው። ድምሩ 63 ገደማ ይሆናል። ሰው በየትኛውም ዕድሜ በእጥፍ የሚሞትበት ከተማ፣ ከሌላው ግማሽ ያነሰ ቀብር አለው።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1844 በለንደን ኔይሰን የተባለ የኢንሹራንስ ሒሳብ ባለሙያ፣ የነዋሪዎቻቸው የዕድሜ ስብጥር ስለሚለያይ የሰፈሮችን ጤና በሟቾች አማካይ ዕድሜ ማወዳደር እንደሚያሳስት ሞግቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሁሉም አገር አንድ ወጥ የዕድሜ ስብጥር አስቀምጦ፣ የእያንዳንዱን አገር ሞት በዚያ ላይ ያሰላል። በዕድሜ የተስተካከለ የሞት ምጣኔ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ሲለካ ጃፓን በዓለም ዝቅተኛ ሞት ካለባቸው አገሮች ተርታ ትሰለፋለች።

የኳታር ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አብዛኛው ነዋሪዋ ለሥራ የመጣ ወጣትና ጎልማሳ ወንድ ነው። ከመምጣቱ በፊት የጤና ምርመራ ያልፋል፤ ሲያረጅ ወይም ጉልበቱ ሲከዳው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሞቱም የሚቆጠረው በኔፓል፣ በህንድ ወይም በኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ ያ ትንሽ ቁጥር ለሠራተኞቹ ደኅንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ዕድሜው ቢስተካከል እንኳ ሞቱን ማን ቆጠረው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ሟቾቿን መዝገብ ስትመረምር ቁጥሩ ከ69 ሺህ ወደ 180 ሺህ አሻቀበ። ያን ያህል ሰው በአንድ ቀን አልሞተም፤ ቀድሞም ሞቶ በኮቪድ ሟችነት ሳይቆጠር የቀረ ነበር።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የሟቾች ቆጠራ ያልተመዘገበ ሞት እንዴት እንደሚቆጠር ጥሩ ምሳሌ ነው። የተሟላ የሞት ምዝገባ ስላልነበረ ተመራማሪዎች ቆጠራውን ከመቃብር ቦታዎች ጀመሩ። በቤተ ክርስቲያን፣ በሙስሊምና በማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብሮች የሟቹ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ይጻፍ፣ ምን እንደገደለውም ቀባሪው ይጠየቅ ነበር። በኋላም ወደተመረጡ ሟቾች ቤት ጠያቂ ይላክ ነበር። ኤድስን በስሙ የሚጠራ ቤተሰብ ጥቂት ስለነበር፣ «የሳንባ በሽታ» የሚለው መልስ ራሱ እንደ ፍንጭ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በፍጥነት ማሽቆልቆሉ የታወቀው በእነዚህ መዝገቦች ነው።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ሞትን የሚያስመዘግበው ውርስ ወይም ጡረታ ሲያስገድደው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከቤትዎ ሰው ሲለይ፣ ሐዘኑ ጋብ ሲል፣ አንድ ቀን ወስደው ያስመዝግቡ። ያልተመዘገበ ሞት ክትባትም ሆነ ሐኪም ወዴት መላክ እንዳለበት ለሚወስነው ሰው አይታየውም።