የስበት ማዕከልና በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ኃይል

መግቢያ

መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ክብደቱን በሙሉ የሚያሳርፈው በጎማዎቹ ላይ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ድርሻ ለማወቅ የክብደቱን መጠን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የስበት ማዕከሉ የሚገኝበት ስፍራም መታወቅ አለበት። ይህ ጽሑፍ ከስበት ማዕከል ተነሥቶ በጎማዎች ላይ የሚያርፈው ኃይል የሚሰላበትን መንገድ ያብራራል። የስበት ማዕከሉ ሲዛወር ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በፊተኛው ጎማ ላይ መሆኑንና የስሌቱ ወሰን እስከ ምን ድረስ እንደሆነም ያመለክታል።

መሠረታዊው ስሌት

ከፊት አንድ፣ ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ዋና የማረፊያ እግሮች ያሉት አውሮፕላን ጸንቶ ሲቆም ሁለት ሁኔታዎች ይሟላሉ። አንደኛ፣ መሬቱ በእግሮቹ ላይ ወደ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ድምር ከአውሮፕላኑ ክብደት ጋር እኩል ነው። ሁለተኛ፣ በማናቸውም ነጥብ ዙሪያ የሚወሰዱት ሞመንቶች፣ ማለትም የኃይልና የርቀት ብዜቶች፣ ድምር ዜሮ ነው። ሞመንቱ በዋናዎቹ እግሮች ዙሪያ ሲወሰድ የእነርሱ ኃይል ከስሌቱ ስለሚወጣ የሚከተለው ውጤት ይገኛል፦

የፊት እግር ኃይል = ክብደት × ለ ÷ ሀ

እዚህ ላይ «ሀ» በፊተኛውና በዋናዎቹ እግሮች መካከል ያለው አግድም ርቀት ሲሆን፣ «ለ» የስበት ማዕከሉ ከዋናዎቹ እግሮች ወደ ፊት የራቀበት ርቀት ነው። የቀረውን ክብደት ዋናዎቹ እግሮች ይሸከማሉ፤ የስበት ማዕከሉ በአውሮፕላኑ መካከለኛ መስመር ላይ ከሆነም እኩል ይካፈሉታል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ አውሮፕላን ክብደት 600 ኪሎ ኒውተን፣ «ሀ» 12 ሜትር፣ «ለ» ደግሞ 1.2 ሜትር ይሁን። የፊተኛው እግር 60፣ ዋናዎቹ በአንድነት 540፣ እያንዳንዳቸው 270 ኪሎ ኒውተን ይሸከማሉ።

የጭነት መዛወር

በዚሁ አውሮፕላን ውስጥ 20 ኪሎ ኒውተን የሚመዝን ጭነት 9 ሜትር ወደ ኋላ ቢዛወር፣ የስበት ማዕከሉ በ0.3 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። የፊተኛው እግር ኃይል ከ60 ወደ 45 ሲወርድ፣ የዋናዎቹ ከ540 ወደ 555 ከፍ ይላል። የለውጡ መጠን በሁለቱም ዘንድ 15 ኪሎ ኒውተን ቢሆንም፣ ለፊተኛው እግር ይህ ከሸክሙ ሩብ ነው፤ ለዋናዎቹ ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፊተኛው ጎማ እየቀለለ ሲሄድ መሬቱን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በእርሱ አውሮፕላኑን መምራት አዳጋች ይሆናል። «ለ» ዜሮ ሲደርስ ጎማው ምንም አይሸከምም፤ ከዚያ ካለፈ አውሮፕላኑ በጅራቱ ይቀመጣል። አንዳንድ አውሮፕላኖች ጭነት ሲጫንባቸውና ሲራገፍባቸው ከጅራታቸው ሥር ድጋፍ የሚደረግላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በፍሬን ጊዜ ግን ሸክሙ ወደ ፊት ይዞራል። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ቢልና አውሮፕላኑ በስበት ፍጥንጥነት 0.3 እጅ ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ የክንፎቹ ማንሻ ኃይል ችላ ከተባለ፣ በፊተኛው እግር ላይ 600 × 0.3 × 3 ÷ 12፣ ማለትም 45 ኪሎ ኒውተን ይጨመራል። ቀድሞ 60 ይሸከም የነበረው እግር 105 ይሸከማል። ስለሆነም የፊተኛው እግር ጥንካሬ በቆመበት ጊዜ በሚሸከመው ልክ ብቻ ሊወሰን አይችልም።

ከጎማ ወደ ስበት ማዕከል

በተግባር ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አውሮፕላኑ በሚዛኖች ላይ ቆሞ የየእግሩ ንባብ ይወሰድና የስበት ማዕከሉ ከንባቦቹ ይገኛል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ አጠቃላይ ክብደቱ በትክክል ታውቆ በፊተኛው እግር ንባብ ላይ የ1 ኪሎ ኒውተን ስሕተት ቢኖር፣ የስበት ማዕከሉ ስፍራ በ2 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። አውሮፕላኑ አዘንብሎ ከተመዘነም አግድም ርቀቶቹ ስለሚለወጡ ውጤቱ ይዛባል።

የስሌቱ ወሰን

ስሌቱ ብቻውን የሚበቃው እግሮቹ ሦስት ሲሆኑ ነው። ቦይንግ 747 አንድ የፊትና አራት ዋና እግሮች ስላሉት የሚዛን እኩልታዎቹ የየእግሩን ድርሻ አይለዩም፤ የእግሮቹና የአካሉ የመለጠጥ ጠባይም መታወቅ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ወሰን ግን ሌላ ነው። አውሮፕላን በጎማዎቹ ላይ በሚገባ መቆሙ በአየር ላይ ለመታዘዙ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 የኤር ሚድዌስት በረራ 5481 ከአሜሪካ ቻርሎት ከተማ ሲነሣ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የጅራቱ መቆጣጠሪያ በስሕተት መታሰሩንና የስበት ማዕከሉ ከተፈቀደው ወሰን ወደ ኋላ ማለፉን አረጋግጧል። በረራው ከመጀመሩ በፊት በአማካይ የመንገደኛ ክብደት የተሠራው ስሌት ግን አውሮፕላኑ በወሰኑ ውስጥ መሆኑን ያሳይ ነበር።

ማጠቃለያ

በጎማዎች ላይ የሚያርፈውን ኃይል ለማግኘት የሚያስፈልገው ሒሳብ ቀላል ነው። አስተማማኝነቱ ግን በእኩልታው ሳይሆን ወደ እኩልታው በሚገቡት ክብደቶችና ርቀቶች ትክክለኛነት ላይ የተመሠረተ ነው። የተገመተ ክብደት በተመዘነ ክብደት ቦታ ሲገባ፣ ሒሳቡ ያለ አንዳች እንከን ቢሠራም የሚሰጠው መልስ ስሕተት ሊሆን ይችላል።