ስም ያልወጣላት ወፍ እና የሰከንድ ሽራፊ፦ ትንንሽ ፈጣን ወፎችን በበረራ ላይ ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኦፕቲክስ አስተምራለሁ፤ በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ካሜራዬን አንግቼ ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ ወደ ሶደሬ፣ ሲመቸኝም ወደ መተሐራ እወጣለሁ። ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረችኝም እስከ ዛሬ ስም ያልወጣላት አንዲት ትንሽ ወፍ ነች።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአገራችን ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1984 በሱዳን ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የሳንጋኔብ የመርከብ መብራት ማማ አንዲት ትንሽ ወፍ ሞታ ተገኘች። ወፏ በእንግሊዝኛ ስዋሎ ከሚባሉት፣ በአየር ላይ ነፍሳትን እያሳደዱ ከሚበሉት ወገን ነበረች። በዓመቱ፣ በ1985፣ ፍራይና ስሚዝ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጸው አሳተሙ። ዛሬ ሳይንሳዊ ስሟ ፔትሮኬሊዶን ፔርዲታ ነው፤ «ፔርዲታ» በላቲን «የጠፋች» ማለት ነው። ሳይንስ በእጁ ያለው ያቺ አንዲት በድን ብቻ ነች።

ነገሩ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በላንጋኖ ሐይቅ እስከ 20 የሚደርሱ፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ከ3 እስከ 8 የሚሆኑ፣ ከየትኛውም የታወቀ ዝርያ ጋር በትክክል ያልገጠሙ የገደል ስዋሎዎች መታየታቸው ተመዘገበ። የቀይ ባሕሯ የጠፋች ወፍ ይሆኑ? ወይስ ሌላ፣ ጭራሹኑ ስም ያልወጣለት ዝርያ? ክርክሩን ከሚወስኑት ምልክቶች አንዱ ከጅራቷ ሥር ከፍ ብሎ ያለው፣ እኔ ዛሬ «ወገብ» የምለው የጀርባዋ ክፍል ቀለም ነው። የሱዳኗ ወፍ ወገብ ግራጫ ነው። የእኛዎቹስ? ግራጫ ነው ወይስ ወደ ገለባማ ያደላል? ይህን የሚመልስልን በሰከንድ አሥር ሜትር ያህል እየበረረች የምታልፍን የ14 ሴንቲ ሜትር ወፍ አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ቀላል ነው።

ወፏ ከእናንተ 20 ሜትር ርቃ፣ ከፊታችሁ በአግድም እየበረረች ነው እንበል። የሌንሳችሁ የትኩረት ርቀት 400 ሚሊ ሜትር ነው። በካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስሏ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 36 ሚሊ ሜትር ስፋትና በወርዱ 6000 ፒክስል ባለው ሴንሰር ላይ ሙሉ አካሏ የሚይዘው 475 ፒክስል ያህል ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ወገቧ ደግሞ 70 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። ማስረጃችን ያለው በእነዚያ 70 ፒክስሎች ውስጥ ነው።

አሁን የሸተሩን ፍጥነት እንመልከት። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ሸተሩ ለ1/250 ሰከንድ ቢከፈት ወፏ በዚያ ቅጽበት አራት ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ ይህም የወገቧ እጥፍ ነው። ስለዚህ የጀርባዋ፣ የወገቧና የጅራቷ ቀለም ተደበላልቆ እንደ ተፈተገ ቀለም አንድ ይሆናል። በ1/2000 ሰከንድ ጉዞዋ ወደ አምስት ሚሊ ሜትር፣ በ1/4000 ወደ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ካሜራውን ከወፏ ጋር እኩል ማዞር የቻለ ሰው ይህን ድብዝታ የበለጠ ይቀንሰዋል። የክንፏ ጫፍ ከአካሏ ስለሚፈጥን ግን ክንፉ ቢደበዝዝ አትዘኑ፤ የምንፈልገው ወገቧን ነው። ስለዚህ ከ1/2000 አትውረዱ፤ ብርሃን ከፈቀደ እስከ 1/4000 ውጡ።

ሁለተኛው ችግር ጥልቀት ነው። በዚሁ ሌንስና ርቀት፣ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ከፊት ወደ ኋላ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በቀጥታ ወደ እናንተ የምትመጣ ወፍ ይህን ለማለፍ የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይፈጅባትም። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ብታጠብቡት ጥልቀቱ ወደ አንድ ሜትር ከሃያ ይደርሳል፤ የጠፋውን ብርሃን በአይሶ ትተካላችሁ። በእኔ ግምት በምስሉ ላይ ጥቂት ሻካራ ነጠብጣብ መታየቱ ከድብዝታ የተሻለ ነው፤ በነጠብጣብ መካከል ቀለም ይነበባል፣ በድብዝታ ውስጥ ግን ይጠፋል።

ሦስተኛው ችግር የሰው እጅ ነው። በሰከንድ አሥር ምስል የሚያነሳ ካሜራ ቢኖራችሁም ወፏ በአንዱና በሌላው ምስል መካከል አንድ ሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ የጣት ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም፤ ጠባይዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ስዋሎ ነፍሳት በሚበዙበት ቦታ ተመላልሳ ታድናለች። ካሜራውን ሳታነሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ብትመለከቱ የምትታጠፍበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ስትታጠፍ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፣ ጅራቷን ትዘረጋለች፣ ጀርባዋንም ታጋድላለች። በዚያች ቅጽበት የሚነሳ አንድ ምስል በቀጥታ ስትበር ከተነሳ መቶ ምስል ይበልጣል። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ የምትገኘው፣ በ1942 ለሳይንስ የተገለጸችው የአገራችን ባለ ነጭ ጅራት ስዋሎም ብትሆን የጅራቷ ነጭ ጎልቶ የሚታየው ጅራቷን ስትዘረጋ ነው።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቆማችሁበት ቦታ ነው። ከሜዳ ላይ ሆናችሁ ወደ ላይ ብታነሱ የምታገኙት በብሩህ ሰማይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጥላ ነው። ብርሃኑን ከካሜራው ግምት በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ከፍ ብታደርጉ ሆዷ ይታያል፤ ወገቧ ግን አሁንም አይታይም። የአዋሽ ገደል የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ ወፎቹ ከእግራችሁ በታች ይበራሉ፤ ጀርባቸውን ታያላችሁ። ማለዳ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ከቆማችሁ፣ ብርሃኑ የሚያርፈው ልታዩት በምትፈልጉት ቦታ ላይ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አፋፍ ሁለት ማለዳ ቆሜ ከስድስት መቶ በላይ ምስል አነሳሁ። ማታ መተሐራ ባደርኩበት ክፍል ቁጭ ብዬ ያላማሩኝን አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ አሥራ አንድ ቆንጆ ምስሎች አስቀረሁ። ከሳምንታት በኋላ ስለ ወፍ የሚያጠና አንድ ባልደረባዬ አሥራ አንዱንም በጥሞና ተመለከተና፣ «ዶክተር፣ የዚህችኛዋ ወገብ የሚታይበት የለዎትም?» አለኝ። ያስቀረኋቸው ሁሉ ከጎንና ከሥር የተነሱ ነበሩ። ወፏ ከእግሬ ሥር ስትታጠፍ ያነሳኋቸው ሁለት ሦስት ምስሎች ትዝ አሉኝ፤ ጭንቅላቷ ከምስሉ ውጭ ቀርቶ፣ ክንፏ ደብዝዞ ጀርባዋ ብቻ የሚታይባቸው። በገዛ ጣቴ አጥፍቻቸዋለሁ። የተለመደ የዓለት ስዋሎ ይሁኑ ወይም የምንፈልጋት ወፍ፣ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። ውብ ምስል ስፈልግ ማስረጃውን ጣልኩት።

በመሆኑም ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ከሌንስ ዋጋ ጋር ግንኙነት የለውም። ያነሳችሁትን ሁሉ፣ አስቀያሚውንም ጭምር፣ ካሜራው በመዘገበው ጥሬ ፋይል አስቀምጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቆማችሁበትን አቅጣጫ በማስታወሻ ጻፉ። ቀለም በኮምፒውተር አታሳምሩ፤ በአንዲት ወፍ ወገብ ላይ ግራጫውን ወደ ገለባማ የሚለውጥ ማስተካከያ ውሸት ይሆናል። ወደ ጎጆዋም አትጠጉ፤ ጫጩቶቿን ጥላ የሸሸች ወፍ ፎቶ ለማንም አይጠቅምም። ልምምዱን ደግሞ እዚሁ ጀምሩ። በወንጂ የመስኖ ቦዮች ላይ የሚያንዣብቡት ስዋሎዎች ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው።

ፎቶግራፍ ሁሉን ይፈታል አልልም። ለአዲስ ዝርያ ስም ለማውጣት በተለምዶ የሚፈለገው በሙዚየም የሚቀመጥ አካል ነው። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ በነጭ ሳር ሜዳ በ1990 የተገኘችው የሌሊት ወፍ ያልሆነች ሌት በራሪ ወፍ፣ በ1995 ስም የወጣላት በአንዲት ክንፍ ብቻ ነው፤ ስሟም «ሶላላ»፣ «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ነገር ግን መቼ፣ የት፣ ምን መፈለግ እንዳለበት የሚነግረን ጥሩ ምስል ነው። የቀይ ባሕሯ ስዋሎ በዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብ ላይ የሰፈረችው «በቂ መረጃ የሌላት» ተብላ ነው። ስም ያልወጣላት የእኛዋ ወፍ ግን ከዚያም መዝገብ ውጭ ነች። በመዝገብ ያልሰፈረን ፍጥረት ቁጥሩ ቀነሰ ብሎ የሚከራከርለት የለም፤ የሚያድርበት ገደል ቢፈርስ የሚጠይቅ አይኖርም።

እነዚያ ገደሎች ከዚህ አዳራሽ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይርቁም። ከእናንተ አንዱ በአፋፉ ላይ ቆሞ፣ ለ1/4000 ሰከንድ ያህል ዕድል ከቀናው፣ እኔ ያጠፋሁትን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ያን ቀን ምስሉ ቢያስቀይማችሁም አታጥፉት።