ጠረጴዛው ሲሸሽ

እህቴ የደወለችልኝ ማክሰኞ ማታ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ጠረጴዛው እየሄደ ነው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በእንጨት ሥራ ስኖር ተሰነጠቀ፣ ጠመመ፣ ምስጥ በላው ሲሉኝ ሰምቻለሁ። «ሄደ» ሲሉኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«ወዴት?»

«ወደ ግድግዳው ነዋ! ልጁ በዚያ መሪ መንዳት በጀመረ ቁጥር ይሄዳል። ግድግዳውን ልጦ ጨረሰው።»

መሪ የምትለው ዳላስ ያለው ወንድማችን ለልጇ የላከለትን የኮምፒውተር መሪ ነው። ስሙ ሎጂቴክ ጂ29 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ እስከ ዛሬ በጀማሪዎች ቤት የሚገኝ ዕቃ። ክቡ መሪ ከነሳጥኑ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ነዳጅ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን ደግሞ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ከዳር እስከ ዳር 900 ዲግሪ ይዞራል፤ ሁለት ዙር ተኩል መሆኑ ነው። የልጅ መጫወቻ ብሎ መናቅ ግን አይቻልም፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት ሞተሮች አሉ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ሲንሸራተት ይቀላል፣ ጥምዝ ላይ ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። ልጆቹ ፎርስ ፊድባክ ይሉታል።

እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ስለ መኪና የማውቀው ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ያየሁትን ብቻ ነው። የተጠራሁት ግን ለመኪናው ሳይሆን ለጠረጴዛው ነውና ቅዳሜ ከሰዓት የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ።

«ንዳና ልየው» አልኩት።

የመረጠው ኑርበርግሪንግን ነው። ጀርመን አገር ጫካ ውስጥ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የውድድር መንገድ ነው፤ የሰሜኑ ዙር ብቻውን 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እዚያ መንገድ ላይ ካሩሴል የሚሉት ጥምዝ አለ። ወደ ውስጥ የተጋደመ፣ በኮንክሪት ንጣፍ የተሠራ ጎድጓዳ ነገር ነው፤ መኪናው ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ሲሻገር ይንገጫገጫል። እህቴ ቡና አቅርባልን ስለነበር ስኒዬን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ። ልጁ ካሩሴል ሲገባ ስኒው መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ቀጥሎ መራመድ ጀመረ። ጫፍ ሳይደርስ ያዝኩት።

«አየኸው?» አለች እህቴ በሩ ላይ ቆማ።

መሪ የተነቃነቀበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥበቅ ነው። ልጁም ይህንኑ ሲያደርግ ከርሟል። የመሪው ሳጥን ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት፤ ከላይ በእጅ ሲጠመዘዙ ከሥር ያሉት እግሮቻቸው ወደ ላይ እየተሳቡ ገበታውን ይነክሳሉ። ዛሬ አጠበቀ፣ በማግስቱም አጠበቀ። ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ፣ እግሮቹ ያረፉበት ቦታ በአውራ ጣት የተጫኑት ሊጥ መስሎ ሰርጉዷል። ገበታውን በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግኩት። እንደ ከበሮ ጮኸ።

ባዶ ነው! ዳር ዳሩን ብቻ እንጨት ያለው፣ መሐሉ እንደ ማር እንጀራ በተሠራ ወረቀት የተሞላ፣ ከላይና ከታች ስስ ሰሌዳ የለበሰ ገበታ። ሲሸጡላት «ሙሉ ቺፑድ ነው» ብለዋት ነበር። እንዲህ ያለው ገበታ በራሱ ክፉ አይደለም። ኮምፒውተርና መጽሐፍ ክብደታቸውን ዘርግተው ስለሚያርፉበት ይሸከማቸዋል። መቆንጠጫ ግን ሁለት ጣት በምታህል ቦታ ነው የሚነክሰው። ወረቀቱ ይደቃል፣ ሲደቅ መቆንጠጫው ይላላል፣ ልጁ ያጠብቃል፣ ይበልጥ ይደቃል። በዚህ አያያዝ ሌላ አንድ ወር ቢቆይ መሪውን ከነገበታው ቁራጭ ጭኑ ላይ ያገኘው ነበር።

እኛ አናጢዎች የላላ ዕቃ ስንመረምር የምናደርጋት ነገር አለች፣ ገንዘብ አትጠይቅም። አመልካች ጣትን መጋጠሚያው ላይ ማሳረፍ ነው፤ ግማሹን በመሪው ሳጥን፣ ግማሹን በገበታው ላይ። ሌላ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ይወዝውዘው። ሁለቱ አብረው ከሄዱ መጋጠሚያው ጤነኛ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለ ጣት ወዲያው ያውቃል፤ ዓይን የማያየውን ግማሽ ሚሊሜትር ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ወደ ታች መውረድ፦ ገበታው ከእግሩ ጋር፣ እግሩ ከወለሉ ጋር።

ልጁ ሲያጠብቀው የከረመው መጋጠሚያ ከሁሉም ያነሰው ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ገበታውን ከእግሮቹ ጋር የያዙት ብሎኖች ላልተዋል። እግሮቹም ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ፣ መሳቢያው የወጣ የክብሪት ሳጥን በጣት ሲገፉት እንደሚጋደም፣ ጠረጴዛው ወደ ጎን ይጋደማል። ይህ ሁሉ መወዛወዙን ያስረዳል። ወደ ግድግዳው መሄዱን ግን አያስረዳም።

የመሪውን ጉልበት ጠየቅኩት። ሁለት ኒውተን ሜትር ያህል ነው አለኝ። ይህ ለእኔ ምንም ስላልነገረኝ ቁጭ ብለን አሰላነው። ከመሪው መሐል እስከ ጠርዙ 13 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲታገል ጠርዙ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር እንደማንጠልጠል ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር ግራ ቀኝ እየተመላለሰ ብሎን ያላላል፣ ሚስማርም ቢሆን ሲወዘውዙት ነው የሚነቀለው። ጠረጴዛ ገፍቶ ግድግዳ የሚያስልጥ ግን አይደለም።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ልጁ ሲነዳ እግሩን ሳይ ነው። የዚህ መሪ ፍሬን ውስጡ ጎማ ስላለው ጠጣር ነው፤ በደንብ ለመያዝ በጉልበት መርገጥ ይፈልጋል። የፔዳሉ ሳጥን ከሥሩ ምንጣፍ የሚቧጥጡ ጥርሶች አሉት። የእህቴ ወለል ደግሞ ሴራሚክ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ የጠረጴዛውን የኋላ እግሮች ከሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት ጋር ገጥሟል። ልጁ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የሚረግጠው ጠረጴዛውን ነው! ጠረጴዛውን ግድግዳ ያስታቀፈው እጁ ሳይሆን እግሩ ነው።

ወደፊት የሚገፋ እግር ወደ ኋላ የሚገፋው ነገር አለው፤ ወንበሩን። ወንበሩ ከሥሩ አምስት ተሽከርካሪ ጎማዎች አሉት፤ ፍሬን ሲረገጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ልጁ ደግሞ ላለመራቅ መሪውን ይዞ ራሱን ይጎትታል። ስለዚህ ያ ምስኪን ገበታ ከላይ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ከታች ወደፊት ይገፋል። ልጁ ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ መፍትሔም አበጅቶ ነበር። የወንበሩን ጎማዎች ጫማ ውስጥ ከቷቸዋል። አራቱ የራሱ ሸራ ጫማዎች ናቸው። አምስተኛው የአባቱ ቆዳ ጫማ ነው። አባትየው እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲነሱ አንድ እግር ጫማ ሲፈልጉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባን። ብልሃቱ በእውነት ይሠራል፤ ለአምስቱም የሚበቃ አሮጌ ጫማ ያለው ሰው ይሞክረው።

እኔ ከወለሉ ጀመርኩ። 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ከጠረጴዛው ሥር እስከ ወንበሩ ድረስ አነጠፍኩ። ከፊት ፔዳሉ የሚደገፍበት ሞራሌ በብሎን አሰርኩበት፤ ከኋላ የወንበሩ ጎማዎች የሚገቡበትን ቦታ በአጫጭር ሞራሌ አጠርኩ። ወንበሩም ፔዳሉም አንድ ሰሌዳ ላይ ናቸው፤ ልጁ ፍሬኑን የቱንም ያህል ቢረግጥ ጉልበቱ በእግሩና በጀርባው መካከል ያልቃል። ጠረጴዛው ከዚህ ውስጥ የለበትም። ሰሌዳውን ዘርግተን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ እንዲነዳ አደረግኩት። መወዛወዙ አለ፣ መሄዱ ቀርቷል። ገንዘብ ያጠረው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም።

ባዶውን ገበታ አውርጄ ከሱቄ የተረፈ ሌላ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ጫንኩ። ጀርባውን በስስ ፕላይውድ አለበስኩት፤ ለክብሪት ሳጥኑ መሳቢያውን መመለስ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በጎን ብገፋውም አልጋደም አለ።

መሪውን ግን በመቆንጠጫ ማሰሩን ተውኩት። የሳጥኑ ሆድ ላይ ብሎን የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ይቀበላሉ። የቀዳዳዎቹን ቦታ ወደ ገበታው ማስተላለፉ ነው ሰውን የሚያስቸግረው። እኔ የቀዳዳዎቹን አፍ የጫማ ቀለም ቀባሁና መሪውን ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፍኩት። ሁለት ጥቁር ቀለበቶች አረፉልኝ። ወረቀቱን ገበታው ላይ ለጥፌ፣ ከሥር ቁራጭ እንጨት ደግፌ (ያለዚያ ፑንታው ሲወጣ ፕላይውዱን ይቦጭቀዋል) በ7 ፑንታ በሳሁ። አንዷ ሚሊሜትር ትርፍ ለስህተት ናት፤ እጄን አውቀዋለሁ።

ብሎን ለመግዛት ከመሄዴ በፊት የክብሪት እንጨት በቀዳዳው ሰድጄ፣ መሬቱን ሲነካ በጥፍሬ ምልክት አደረግኩበት። እባካችሁ ይህችን አትዝለሏት። ረዥም ብሎን የገዛ ሰው እስኪጠብቅ ሲያዞር ውስጡን ይበሳዋል፤ ዕቃው ደግሞ ዳላስ ነው የሚገኘው። ለእኔ 18 ሚሊሜትር እንጨት፣ ሁለት ሚሊሜትር ሮንዴላ፣ አሥር ሚሊሜትር ጥርስ ሆኖ የ30 ብሎን ልክ መጣልኝ። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ የብሎኑን ራስ ጫና ዘርግቶ የሚያሳርፈው እሱ ነው።

የተከራየው ጠረጴዛ ስለሆነ፣ ወይም እናት ስለማትፈቅድ፣ መብሳት የማይችል አለ። እሱ መቆንጠጫውን ይጠቀም፣ ግን ባዶ እንጨት አያስነክሰው። ከገበታው በላይም በታችም መዳፍ የምታህል ፕላይውድ ያግባበት፤ ንክሻው ይሰፋል። ፎርማይካ ላይ ከሆነ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ያንጥፍበት፣ አያንሸራትትም። ስፖንጅ የሚያስገቡ አይቻለሁ፤ ስፖንጅ ራሱ ስለሚወዛወዝ ከችግሩ ሌላ ችግር መጨመር ነው። የሚጠብቀውም ጣቱ መጋጠሚያው ላይ ሆኖ ሁለቱ አብረው እስኪሄዱ ብቻ ነው።

ሁሉም መሪ አንድ አይደለም። ትረስትማስተር ቲ300 መሐል ለመሐል አንድ መቆንጠጫ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ያ አንዱ የሚነክሰው ቦታ ድርቅ ያለ እንጨት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ ደግሞ መሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ የተሰካ ነው፤ 5 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ ከፍ ያለ የኃይል ምንጭ ሲገዙለት 8 ይደርሳል። ያ ጠርዙ ላይ ከአምስት ኪሎ በላይ ነው። ልጁ «ወደፊት እሱን ነው የምገዛው» ሲለኝ፣ እኔም ያን ጊዜ የምሠራልህ ጠረጴዛ ሳይሆን ከወንበር ጋር የተበየደ የብረት አልጋ ነው አልኩት። ለአምስቱ የእኔ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ለስምንቱ ቃል አልገባም።

ማታ ላይ ስኒዬን እዚያው ጥግ ላይ መልሼ አስቀመጥኩና ካሩሴልን ንዳ አልኩት። ቡናው ላዩ ላይ ቀለበት ሠራ እንጂ ስኒው ከቦታው አልተነሳም። «ጋሼ፣ ይቀመጡና ይሞክሩት» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ከመንገድ ወጣሁ፣ መልሼ ገባሁ፣ እንደገና ስወጣ መብራት ጠፋ። መሪው እጄ ላይ ሞተ። በሕይወቴ መብራት ኃይልን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ የተጫነ እንጨት ግን ሮንዴላው ሥር ትንሽ ይተኛል፣ ብሎኑም በዚያው ልክ ይላላል። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ የ10 ቁልፍ ይዤ ተመለስኩ፤ ሩብ ዙር ያህል ዞረልኝ። በሁለተኛው እሑድ ለጥቂት ነው የዞረው። በሦስተኛው ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ሁለት እግር ጫማቸውን አድርገው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱት አማቼ ጋር ቡና ጠጣሁ።