የፖይንት ምራቂ

ግንቦት ሲገባ ኮሌጅ ፓርክ ሰርግ ቤት ይመስላል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሊመረቁ ነው፤ ዘመድ ከየስቴቱ ይጎርፋል፣ ባልቲሞር አቬኑ ዳር ያሉት ሆቴሎችም ዋጋቸውን ይሰቅላሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለን ሐበሾች እንግዳችንን የት እናሳድር ብለን ስልካችንን መነካካት እንጀምራለን። እንዲህ ባለው ሰሞን «ፖይንት ይግዙ፣ 50 በመቶ ቦነስ ያግኙ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ግማሹ ሰው ሳያነብ ያጠፋዋል፤ ግማሹ ሳያሰላ ይገዛል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

የሆቴል ፖይንት የተናቀ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሸባ ማይልስ ቁጥሩን በቃሉ የሚወጣ ሰው የሆቴል አካውንቱን ፓስወርድ ከረሳው ቆይቷል። ጉዳዩ ግን ቀላል ነው፤ ሆቴል ስታድር ፖይንት ታገኛለህ፣ ሲጠራቀም በነፃ ያሳድርሃል፣ ከጎደለህ በገንዘብ ትገዛለህ። ደግሞም የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ1927 ዋሽንግተን ውስጥ ሩት ቢር በምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ጀምሮ፣ በ1957 የመጀመሪያ ሆቴሉን አርሊንግተን ከፈተ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤተዝዳ ነው። ሂልተን ማክሊን ነው ያለው። ባልቲሞር አቬኑ ላይ ያለው ካምብሪያ ሆቴል የቾይስ ኩባንያ ስም ነው፤ ቾይስም የሜሪላንድ ሰው ነው። ብዙዎቻችን ታክሲና ኡበር ስንነዳ በደጃፋቸው እናልፋለን። ፖይንቱ የሚታተመው እዚሁ ሰፈራችን ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። 50 በመቶ ቦነስ ማለት 50 በመቶ ቅናሽ ማለት አይደለም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ቦነስ እናቶቻችን ገበያ ወጥተው «ምራቂ» የሚሉት ነው። በርበሬ ሻጯ ሁለት ኪሎ ለገዛ አንድ ኪሎ ብትመርቅ፣ የሁለት ከፍለህ ሦስት ይዘህ ትሄዳለህ። ዋጋው በግማሽ ቀነሰልህ? የቀነሰልህ ሲሶው ነው። ግማሽ የሚሆነው ሁለት ገዝተህ ሁለት ስትመረቅ፣ ማለትም ቦነሱ 100 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው። 30 በመቶ ምራቂ ደግሞ 23 በመቶ ገደማ ቅናሽ ነው። ሻጭ ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁን በደማቁ የሚጽፈው ሥራውን ስለሚያውቅ ነው፤ ተመልሶ ማካፈል የገዢው ፈንታ ነው።

በማሪዮት እናስላው። መደበኛው ዋጋ 1,000 ፖይንት በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በ50 በመቶ ምራቂ ያው ገንዘብ 1,500 ያመጣል፤ አንዱ ፖይንት 0.83 ሳንቲም ገደማ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ የምትፈልገው ክፍል 250 ዶላር፣ ከነታክሱ 280 ነው እንበል፤ በፖይንት ደግሞ 30,000 ይጠይቃል። 30,000 ፖይንት በቅናሹ 250 ዶላር ያስወጣሃል። 30 ዶላር አተረፍክ? ቆይ። በጥሬው ብትከፍል ኖሮ ለእያንዳንዱ የክፍል ዶላር 10 ፖይንት፣ በድምሩ 2,500 ታገኝ ነበር፤ እሱም 20 ዶላር ገደማ ያወጣል። የቀረችህ 10 ዶላር ናት። ሆቴሉ 40,000 ከጠየቀ ደግሞ 333 ዶላር ከፍለህ 280 ዶላር የሚያወጣ አልጋ ላይ ተኛህ ማለት ነው፤ ያውም በቅናሽ!

ጥሩ የሚሆነው መቼ ነው? አምስት ሌሊት በተከታታይ ስታድር። ማሪዮት በፖይንት ለሚያድር አምስተኛዋን ሌሊት አያስከፍልም፤ ስለዚህ በዚያው ምሳሌ 120,000 ፖይንት፣ ማለትም 1,000 ዶላር፣ የ1,400 ዶላር ማደሪያ ይገዛል። ይህ ገበያ ነው። ምርቃት ሰሞንም ገንዘቡ ሲሰቀል ፖይንቱ እኩል ያልተሰቀለበት ቀን አንዳንዴ ይገኛል፤ መፈለግ ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሸራተንም ሂልተንም በየኩባንያቸው ፖይንት ያሳድራሉ።

«ለማንኛውም ይቀመጥ» ብሎ የሚገዛውን ግን አልምረውም። ወንድሜ፣ ፖይንት ጤፍ አይደለም፣ ጎተራ አይገባም። ባንኩም ገንዘብ አታሚውም ሆቴሉ ራሱ ነው፤ ትናንት 30,000 ያለውን አልጋ ዛሬ 45,000 ቢል የሚከለክለው የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት የለብኝም። የተገዛ ፖይንትም አይመለስም።

ይህን ሁሉ የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው ብዬ በቅናሽ ፖይንት ገዛሁ። አስልቼ፣ ቀኑን አይቼ፣ አምስት ሌሊት። እማዬ መጣች፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፣ አልጋውን በእጇ ዳበስ አደረገች። «ያምራል። ልጆቼ ቤት እያላቸው እኔ ሆቴል ባድር ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። በዚያው ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእህቴ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። ምርቃቱ አማረ፤ ምራቂው ባዶ ክፍል ሲጠብቅ አደረ።

ዘንድሮም ኢሜይሉ መጣ። ከፈትኩት፣ ቦነሱን ወደ ቅናሽ መለስኩት፣ የክፍሉን ዋጋ ከነታክሱ አየሁ። ሒሳቡ ያዋጣል። ከዚያ እማዬ ጋ ደወልኩ፤ «ዘንድሮ ከመጣሽ ሆቴል ታድሪያለሽ?»

«ሶፋውን ሸጣችሁት እንዴ?» አለችኝ።

ኢሜይሉን አጠፋሁት። ግን አንብቤ ነው።