በአፍላ ጕርምስና ያሉ ልጆቻችንና የትምህርት ክፍላቸው

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለው ዕድሜ ለወላጅም ለመምህርም የሚከብደው፣ ልጁ ሕፃንም ጎልማሳም ባለመሆኑ ነው። እንደ ሕፃን ቢይዙት ይቈጣል፤ እንደ ጎልማሳ ቢተዉት ይባዝናል። ታዛዥ የነበረችው ልጅ «ለምን?» ማለት ታበዛለች፤ ከእናቱ የማይለየው ልጅ ብቻውን መቀመጥ ይወዳል። ብዙ ወላጆች ይህን የክፋት መጀመሪያ አድርገው ያዩታል። ነገሩ ግን የዕድገት ሥርዓት ነው እንጂ የጠባይ ብልሽት አይደለም።

ከእነዚህ ልጆች ከፊሎቹ በአገራችን የሚገኙት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለቱን ክፍሎች ከአንደኛ ደረጃ ጋር አዋሕዷቸው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለብቻቸው ለያቸው። መለየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙ ብቻውን ልጁን አያሳድገውም፤ በክፍሉ ውስጥ የሚደረገውም ከዕድሜው ጋር ሊስማማ ይገባል። ለዚህም ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል።

1ኛ. የሰውነታቸው ለውጥ። ሴቶች ልጆች ከወንዶች 2 ዓመት ያህል ቀድመው ፈጥነው ያድጋሉ። ስለዚህ በአንድ መቀመጫ ላይ እኩያሞች ተቀምጠው አንዷ ሴት ወይዘሮ፣ አንዱ ወንድ ሕፃን ይመስላሉ። በቁመታቸው ወይም በድምፃቸው ለውጥ መቀለድ ለመምህር ቀላል ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ ለልጁ ግን የዓመት ቍስል ነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ በተፈጥሮ አምሽቶ ስለሚመጣ፣ በጧት ክፍል የሚያንቀላፋው ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። 13 ዓመት የሞላው ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

የሴቶች ልጆች ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ትምህርት ቤቱ ውኃና የሚዘጋ መጸዳጃ ከሌለው፣ ልጅቱ ልማደ አንስት በመጣባት ቍጥር ከቤት ትቀራለች። በወር 3 ቀን ብትቀር በ10 ወር 30 ቀን ይሆናል፤ ይህም የ6 ሳምንት ትምህርት ነው። በዓመቱ መጨረሻ «ሰነፈች» የምንላት ልጅ የጎደላት በር መቀርቀሪያና አንድ ባልዲ ውኃ ሊሆን ይችላል።

2ኛ. የአእምሯቸው መከፈት። ልጁ በዚህ ዕድሜ በእጅ ከሚዳሰሰው አልፎ ስለ ፍትሕ፣ ስለ እውነትና ስለ ምክንያት ማሰብ ይጀምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ከጌታችን የ12 ዓመት ዕድሜ የጻፈልን፣ በቤተ መቅደስ ከሊቃውንት ጋር የነበረውን ጥያቄና መልስ መሆኑን እናስታውስ። የቀድሞ አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በየደረጃውም እየወጣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ብቻ አያጠናም፤ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲሳሳትም ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። ሥራው የራሱ ነው፤ ሸክሙም በአቅሙ ልክ ነው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ጉድለት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ርኃቡም አለንጋውም ነበረበት። ይህ የማስተማር ዘዴው ግን ለዛሬም ይጠቅማል።

ዛሬ ግን በብዙ ክፍል የ13 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ይውላል። ስለ ስፋት የሚማር ልጅ ደብተሩን ከመሙላት ይልቅ ግቢውን በገመድ ለክቶ ቢያሰላ፣ ስለ ዘር የሚማር ባቄላ አብቅሎ በየቀኑ ያየውን በራሱ ቃል ቢጽፍ፣ ያው ትምህርት የራሱ ይሆናል። ይዘቱን ለመጨረስ ብቻ መጣደፍ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

3ኛ. ክብርና ባልንጀርነት። በዚህ ዕድሜ የእኩዮች ዐይን ከመምህሩ ዱላ ይልቅ ይፈራል። ስሜትን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይበረታል፤ የሚያመዛዝነውና የሚገታው ክፍል ግን ቀስ እያለ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይበስላል። ስለዚህ በጓደኞቹ ፊት የተሰደበ ልጅ ጥፋቱን አያስብም፤ ኀፍረቱን እንዴት እንደሚመልስ ያስባል። ለብቻው ጠርተው የገሠጹት ግን ይሰማል። ከተግሣጹም ጋር ኀላፊነት ያስፈልገዋል፤ መጻሕፍትን መቍጠር፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ አትክልት መጠበቅ እንደ ትልቅ ሰው መታመንን ያስተምሩታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚያውቀው ሰው ማግኘቱ ነው። በ7ኛ ክፍል በየክፍለ ጊዜው መምህር ይለዋወጣል፤ ስድስት ሰባት መምህራን ያዩታል፤ ነገር ግን መክሳቱን፣ ዝም ማለቱን፣ መቅረቱን የሚያስተውል አንድም ላይኖር ይችላል። ከትምህርት ቤት የሚጠፋ ልጅ አስቀድሞ ከሰው ዐይን ይጠፋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው ውጤት ለመቀበል ብቻ አይሁን። ዲሬክተሩን «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ከማለታችን አስቀድሞ «ልጄን ከመምህራኑ አጥብቆ የሚያውቀው ማነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከተገኘ ከዚያ መምህር ጋር እንተዋወቅ፤ ካልተገኘም አንድ መምህር እንዲመደብለት እንለምን። በቤትም ማታ በጊዜ እናስተኛው፤ ጥያቄውን እንደ ድፍረት አንቍጠርበት፤ ስንገሥጸውም በእኅቶቹና በወንድሞቹ ፊት አይሁን።