ምድርን ለመለካት ማን ይከፍላል?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የጀመረው ርዕደ መሬት እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ ሲሰማ፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ የብዙ ሰው ጥያቄ «ስንት ነበር?» የሚል ነበር። መልሱ ደቂቃዎች ሳይቆይ ስልካችን ላይ ይገባል፤ ዜናውም ብዙ ጊዜ «የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እንዳስታወቀው» ብሎ ይጀምራል። የካቲት 7 ሌሊት የደረሰውና መጠኑ 6 የተጠጋው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተሰብን ከአልጋ ሲያስነሳም ሰው የተመለከተው ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለማግኘት ማናችንም አልከፈልንም። የከፈለ ግን አለ። የአሜሪካ ግብር ከፋይ በየዓመቱ በኮንግረስ በኩል ይከፍላል፤ በየዓመቱም ይከፈል ወይስ ይቀነስ የሚለው ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል፤ ግን እኛንም ይነካናል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ፉሪ ተራራ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በምሕጻሩ ዩኤስጂኤስ የሚባለው ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በትብብር የሚያሠሩት የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። ጣቢያው በዓለም ዙሪያ 150 ያህል ጣቢያዎችን ያቀፈ መረብ አባል ነው፤ የመረቡን ወጪ ዩኤስጂኤስና የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ይጋሩታል። ፈንታሌ ሥር አለት ሲሰበር ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሳል። ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ፉሪ ይደርሳል። ቤት የሚያወዛውዘው ዘገምተኛው ሞገድ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይከተላል። ባለሙያ ርቀቱን የሚያሰላው በሁለቱ መካከል ካለው የሰከንዶች ልዩነት ነው። ከአንድ ጣቢያ ብቻ ግን ቦታውን በእርግጠኝነት ማወቅ ስለማይቻል የጎረቤት አገሮችና የሩቅ ጣቢያዎች ንባብ ይደመራል። ኮሎራዶ ውስጥ ጎልደን በምትባል ከተማ ያለው ብሔራዊ የርዕደ መሬት መረጃ ማዕከል ሁሉንም አገናዝቦ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና መጠኑን ያወጣል። ማዕከሉ ቀንም ሌሊትም ባለሙያ አይለየውም፤ በዓመት 20,000 ያህል ርዕደ መሬቶችን ይመዘግባል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ኮንግረስ ያቋቋመው የመንግሥትን መሬት እንዲለይና የማዕድን ሀብትን እንዲያጠና ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 38 ሠራተኞችና 106,000 ዶላር ገደማ በጀት ነበረው። ዛሬ የርዕደ መሬት፣ የእሳተ ገሞራ፣ የውሃ፣ የማዕድን፣ የካርታና የዱር አራዊት ጥናት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቨርጂኒያ ሬስተን ውስጥ ነው፤ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ በበሩ የሚያልፉ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ቨርጂኒያ ላይ 5.8 ርዕደ መሬት ደርሶ የዋሽንግተን ሐውልት ሲሰነጠቅ የተሰማቸውም ያስታውሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት ኮንግረስ ለዩኤስጂኤስ የፈቀደው 1.45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ብዙ ይመስላል። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያ ዓመት ያወጣው ግን ከ6.7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ፣ ዩኤስጂኤስ የደረሰው ከእያንዳንዱ 4,600 ዶላር ውስጥ አንድ ዶላር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ አሜሪካዊ ሲካፈል በዓመት ከ4 ዶላር ብዙም አይበልጥም።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱ የበጀት ጥያቄ ለኮንግረስ ይልካል። ጥያቄ ብቻ ነው፤ የመወሰን ሥልጣኑ የኮንግረስ ነው። የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት ለየራሳቸው የሀገር ውስጥ ጉዳይና አካባቢ ንዑስ ኮሚቴ ያቀርቡታል፤ ኮሚቴዎቹ መስመር በመስመር ይመለከቱታል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ተስማምተው ያጸደቁትን ፕሬዚዳንቱ ይፈርምበታል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። እስከዚያ ካልተስማሙ ያለፈው ዓመት በጀት እንዲቀጥል ጊዜያዊ ሕግ ያወጣሉ፤ ይህ ሲሆን አዲስ ሥራ መጀመር አይቻልም። ጊዜያዊ ሕግም ላይ ካልተስማሙ መንግሥት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከኦክቶበር 1 ጀምሮ 43 ቀን ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ርዕደ መሬትንና እሳተ ገሞራን የሚከታተሉት ባለሙያዎች ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ደመወዛቸውን ግን በወቅቱ አላገኙም።

ለ2026 የበጀት ዓመት የትራምፕ አስተዳደር ለዩኤስጂኤስ የጠየቀው 892 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከ2024ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ቅነሳ ነው። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይመደብለት የነበረው የሥነ ምህዳር ጥናት ክፍል እንዲዘጋ፣ ትኩረቱም ወደ ኃይልና ወደ ወሳኝ ማዕድናት እንዲዞር ነበር ሐሳቡ። በ2025 ክረምት የሁለቱም ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ያወጡት ረቂቅ ከዚህ በእጅጉ የላቀ ነበር፤ አብዛኛውን ቅነሳ አልተቀበሉትም። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጨርሶ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦበት ነበር። እሱ ተረፈ፤ የማዕድን ቢሮ የሚባለው እህት መሥሪያ ቤት ግን በ1996 ተዘጋ።

የቅነሳ ደጋፊዎች የሚያነሱት ጥያቄ በቅንነት መልስ ይገባዋል። መረጃው ጠቃሚ ከሆነ የሚፈልገው ለምን አይገዛውም? የግል ኩባንያስ ለምን አይሠራውም? ይህ በተግባር ተሞክሯል፤ ውጤቱም ይታወቃል።

ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች የምድርን ገጽ ማንሳት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሳተላይቶቹን ናሳ ሠርቶ ያመጥቃል፤ ምስሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውና የሚያሰራጨው ዩኤስጂኤስ ነው። በ1984 ኮንግረስ ምስሉ በግል ኩባንያ በኩል እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደረሰ። ተማሪና ተመራማሪ ከገበያው ወጣ። ከዚህም የከፋ ነገር ተከተለ። ገዢ የሌለው አካባቢ ምስል በየጊዜው አይነሳም ነበር። አፍሪካ ደግሞ ብዙ ገዢ አልነበራትም። ስለዚህ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ ባለው ጊዜ የብዙ አፍሪካዊ አካባቢ መዝገብ ክፍተት አለበት። ያንን ክፍተት ዛሬ ማንም በምንም ገንዘብ ሊሞላው አይችልም፤ ያልተነሳ ዓመት አልተነሳም።

በ1992 ሕጉ ተቀየረ፤ ዋጋውም ቆይቶ ወደ 600 ዶላር ወረደ። በዚያ ዋጋ በአንድ ዓመት የተሸጠው ከፍተኛው መጠን 25,000 ምስል ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ምስሉ ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምስል ተወሰደ። ምስሎቹ ቀድሞም መጋዘን ውስጥ ነበሩ፤ ከሕዝብ ያራቃቸው ዋጋው ነው። የእኛን አገር በሰቃ ሐይቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ የመተሐራ ሐይቅ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፎ መንገድና ሐዲድ ሲፈታተን ቆይቷል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች መስፋፋቱን እየለኩ ያሳዩት በአብዛኛው በላንድሳት ምስል ነው። እያንዳንዱ ምስል 4,400 ዶላር ቢሆን ኖሮ የትኛው ዩኒቨርሲቲያችን ይገዛው ነበር?

የወንዝ መለኪያውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1889 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኤምቡዶ በሚባል ቦታ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ፣ ዩኤስጂኤስ የመጀመሪያውን የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ተከለ። ዛሬ ከ8,000 በላይ ጣቢያዎች የወንዞችን ከፍታና ፍሰት በሰዓቱ ይልካሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ፌዴራል መንግሥቱና ክፍለ ግዛቱ ወይም ከተማው ወጪውን ተጋርተው ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ውሃው የሚነካው ማኅበረሰብ ድርሻ ይይዛል። ድክመቱ ግን ከሁለቱ አንዱ ሲያጥረው ጣቢያው መዘጋቱ ነው። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ደግሞ የሚፈልገው የዛሬውን የውሃ ከፍታ ብቻ አይደለም። በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣውን ጎርፍ ለመገመት የአሥርት ዓመታት ያልተቋረጠ መዝገብ ያስፈልገዋል። ጣቢያው አምስት ዓመት ተዘግቶ ቢከፈት መሣሪያው ይመለሳል፤ የጠፋው አምስት ዓመት አይመለስም።

መለካት ብቻውን ሰው አያድንም፤ ይህም መባል አለበት። በጁላይ 2025 ቴክሳስ ውስጥ ጉዋዳሉፔ ወንዝ 45 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወደ 8 ሜትር ከፍ ሲል ጣቢያዎቹ መዝግበውታል፤ በክፍለ ግዛቱ ጎርፍ ግን ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመለኪያው እስከ ተኛው ሰው ጆሮ ያለው ሰንሰለት አንዱ ቀለበቱ ከላላ ሌላው ይባክናል።

ሰንሰለቱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያየነው ፊሊፒንስ ላይ ነው። በ1985 ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ፈንድቶ ከ23,000 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ዩኤስጂኤስና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ለድሀ አገሮች የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ባለሙያዎች ቡድን አቋቋሙ። በ1991 ፒናቱቦ ተራራ ማጉረምረም ሲጀምር ቡድኑ ከፊሊፒንስ ባለሙያዎች ጋር መሣሪያ ተክሎ ተከታተለ። ማስጠንቀቂያው ወጣ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነሣ። ጁን 15 ተራራው ፈነዳ። ትንበያው ቢያንስ 5,000 ሰው እንዳዳነና ቢያንስ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዳተረፈ፣ የክትትልና የማሸሽ ወጪው ሁሉ ተደምሮ ግን ከ56 ሚሊዮን ዶላር እንደማይበልጥ በኋላ ተሰልቷል።

አንዱ ኪስ ሲዘጋ ሌላው እንዴት እንደሚራቆት የምናውቀው ደግሞ በራሳችን ጉዳይ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ የተቋቋመው የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዩኤስጂኤስ የሚያቀርበውን የዝናብና የዕፅዋት ሽፋን መረጃ ይጠቀማል፤ ገንዘቡ ግን በዋናነት ከአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ነበር። በጃንዋሪ 2025 የውጭ ዕርዳታ በአንድ ትእዛዝ ሲቆም ሥርዓቱም ተቋረጠ፤ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ሳተላይቱ ሶማሌ ክልልንና ቦረናን ማየቱን አላቆመም። ያየውን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚለውጠው ሰው ነው ደመወዝ ያጣው።

ማዕድን ላይ ይተኮር የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቃወመውም። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለማዕድን ካርታ ሥራ በአምስት ዓመት 320 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ ተገቢም ነው። የከርሰ ምድር ካርታ ሳይኖር ሊቲየምም መዳብም በጭፍን ነው የሚፈለገው። ያሳሰበኝ ነገ ገቢ የሚያስገኘው ሥራ አደጋን የሚከላከለውን እንዲበላው መፍቀዱ ነው። ማዕድን ገዢ አለው። ገና ያልመጣ ርዕደ መሬት ገዢ የለውም፤ መንግሥት ካልከፈለበት የሚከፍልበት አይገኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ምድርን የመለካቱ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩትና በጂኦሎጂ ተቋማችን መካከል የተከፈለ ነው። የዩኒቨርሲቲው ክትትል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዋን በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ ዛሬም መነሻ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ የመንንና ኦማንን ተሻግሮ ሕንድ ሲደርስ፣ ጉዞውን ዓለም የተከታተለው በሳተላይትና ቱሉዝ ፈረንሳይ ባለው የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ነበር። አፍዴራ ላይ አመዱ ለወረደበት አርብቶ አደር ግን የሚያስፈልገው ከፍንዳታው በፊት የሚደርስ ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ ተራራው አጠገብ የተተከለ፣ ባትሪው የሚቀየርለት፣ መረጃው የሚነበብለት መሣሪያ ይጠይቃል። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁ ምክር ቤት የሚቀርበው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ተወካይን መጠየቅ የሚቻለው ቀላል ነገር አለ፦ በስምጥ ሸለቆ የተተከሉት ጣቢያዎች ስንት ናቸው፣ ከእነሱ ዛሬ መረጃ የሚልኩት ስንቶቹ ናቸው፣ የጥገናቸውና የባለሙያዎቻቸው ወጪስ በመደበኛ በጀት የተያዘ ነው ወይስ የውጭ ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ?